ከድሬ ሐረር ደርሶ መልስ በክረምት፦ ልጆችና ስልክ ይዞ እንዴት?

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። «ልጆቹን ሐረር ልወስዳቸው ነበር፣ በአንድ ቀን ይሆናል?» «ጅቡንስ አይተን መመለስ እንችላለን?» «ልጄ ከስልኩ አይነቀልም፣ እዚያ ሄዶም አንገቱን ደፍቶ ሊውል ነው?» ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው መጻፍ ሰለቸኝ። ሦስቱንም እዚህ ልመልስ።

አጭሩ መልስ፦ በአንድ ቀን ይሆናል። ጅብ ተጨምሮበት ግን አይሆንም። ጅቡን ማየት ካማራችሁ ሐረር እደሩ። ስልኩን ደግሞ አትከልክሏቸው፣ ሥራ ስጡት። ዝርዝሩ ከታች አለ። ሰዓቱን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መታወቂያ፣ ለእያንዳንዱ አዋቂ። መንገድ ላይ ፍተሻ ሊኖር ይችላል። ፎቶው ስልክ ውስጥ አለ ብላችሁ ዋናውን ቤት አትተዉ።
- ሹራብ ወይም ጃኬት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ድሬ ከዚራ ላይ በላብ ተጠምቆ ሹራብ መያዝ ያስቃል፤ ደንገጎ ዳገት ላይ ግን የሚስቅ የለም።
- ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ። የጀጎል (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) መንገድ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ዝናብ ከነካው ያዳልጣል። ነጠላ ጫማ ይቅር።
- ጃንጥላ ወይም የዝናብ ልብስ።
- ፌስታል፣ ለአንድ ልጅ ሁለት ሁለት። ሎሚ ከተገኘ አንድ ሁለት።
- ውሃና ደረቅ ዳቦ።
- ዝርዝር ብር። ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል። ጠባብ መንገድ ላይ ቲኒ (በለስ) ከምትሸጥ ሴት ግን በጥሬ ብር ነው የምትገዙት። ባለ 200 ብር ዘርግታችሁ መልስ ስትጠብቁ ልጆቹ ሌላ ጥግ ይደርሳሉ።
- ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ስልክና ፓወር ባንክ።

አሠራሩ

1. ቀኑን ምረጡ።

ከአርብ በቀር የሥራ ቀን ይሻላል። አርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ሶላት ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ልጆቹ ደግሞ ልክ የሚርባቸው ያኔ ነው። አርብ ብቻ ከተመቻችሁ ምሳችሁን ቀደም አድርጉት። የዓረፋ ሰሞን ከተማው ያምራል፤ መኪና ማግኘት ግን ፈተና ነው።

ለሙዚየም ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ በዋዜማው ሐረር ያለ ሰው አስደውላችሁ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። በር ላይ ቁልፍ ማየት የመሰለ የሚያናድድ ነገር የለም።

2. ካርታውን በዋዜማው አውርዱ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ጎግል ማፕ ላይ የፕሮፋይል ፎቶአችሁን ንኩ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ካርታዎች የሚለውን ምረጡ፤ አራት ማዕዘኑን ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ዘርግታችሁ አውርዱ። በዋይፋይ ይሁን፣ ጥቅላችሁን አትጨርሱት።

ችግሩ ጎግል ማፕ ያለ ኢንተርኔት የመኪና መንገድ እንጂ የእግር መንገድ አይመራም። ጀጎል ውስጥ ደግሞ የምትሄዱት በእግር ነው። ስለዚህ ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውንም መተግበሪያ ጫኑ። ነጻ ነው፤ የአካባቢውን ካርታ አንዴ ካወረዳችሁ ያለ ኔትወርክ በእግር ይመራል። ጂፒኤስ ከሳተላይት ስለሚቀበል ዳታ አይፈልግም።

ካርታው ላይ አምስት ቦታ ምልክት አድርጉ፦ ሐረር በር፣ ፈረስ መጋላ (አደባባዩ)፣ ግድር መጋላ (ገበያው)፣ ራምቦ ቤት (በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም የተሰየመው ሙዚየም)፣ መናኸሪያው። ሌላው ትርፍ ነው።

3. የቴሌግራም ቡድን ክፈቱ፣ የፍለጋ ዝርዝር ጻፉ።

ለስልክ ሥራ ስጡት ያልኩት ይሄንን ነው። የቤተሰብ ቡድን ክፈቱ። አዲስ አበባ ያለችውን አክስትና አረብ አገር ያለውን አጎትም አስገቧቸው፤ ተመልካች ከሌለ ጨዋታው አይሞቅም። ከዚያ ልጆቹ ፈልገው ፎቶ የሚያነሱትን ነገር ዝርዝር ጻፉ። የኔ ይህን ይመስላል፦

- በሥራ ላይ ያለ የልብስ ስፌት መኪና (ሰፊው ከፈቀደ)
- ሰማያዊ ፔጆ ታክሲ
- ጣሪያ ላይ ያረፈ ጭልፊት
- ባለቀለም መስታወት ያለው መስኮት
- የተቀረጸ የእንጨት በር
- ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ
- ከአምስቱ ጥንታዊ የጀጎል በሮች ሁለቱ

አምስቱ በሮች ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ከእነሱ በኋላ የተከፈተ ስለሆነ አይቆጠርም። ትልልቆቹ ልጆች ምሳ ላይ በሚያዘጋጁት ጥያቄ ይሄን እንደ ወጥመድ ይጠቀሙበታል፣ ይጠቀሙበት። አምስቱንም በአንድ ቀን አሳያለሁ አትበሉ። ለትንንሾቹ እግር ብዙ ነው።

የሰው ፎቶ ዝርዝሩ ውስጥ አታስገቡ። ምክንያቱን ማስጠንቀቂያው ላይ ታገኙታላችሁ።

4. ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ውጡ።

ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን ዳገትና ጥምዝ ስለሆነ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ያዙ። ማልዶ መውጣት ለምን? ክረምት ላይ ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው። ጀጎልን ሳትረጥቡ ለማየት ያላችሁ ጊዜ ጠዋቱ ነው።

መናኸሪያ ገብታችሁ በታሪፍ የሚጭነውን ሚኒባስ ያዙ። ዋጋውን ከረዳቱ በፊት ጎናችሁ ካለ ተሳፋሪ ጠይቁ። የድሬ ሰው እንደሆነ አይደብቃችሁም፤ እንደውም ከጠየቃችሁት በላይ ይነግራችኋል። የሚያጥወለውለው ልጅ ካለ ከፊት ወይም መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ከኋላ ወንበር ጥምዙ ይብሳል።

ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን። ፉል በዘይት ጠግቦ ደንገጎን የወጣ ልጅ ፌስታል ይፈልጋል።

5. ደንገጎ ላይ ስልክ ኪስ ይግባ።

ከድሬ እንደወጣችሁ መንገዱ ተጠማዞ ይወጣል። እዚህ ጋ ጌም የለም፣ ቪዲዮ የለም። ዓይን ስክሪኑ ላይ ተተክሎ «ቆመናል» ሲል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ደግሞ «እየዞርን ነው» ይላል። ማጥወልወል የሚመጣው ከዚህ አለመግባባት ነው። ልጆቹ ሩቁን ይዩ፤ ወደ ኋላ ዞረው ድሬን ቁልቁል ሲያዩዋት ደግሞ ሳይነገራቸው ዝም ይላሉ። ሎሚው የሚሸተተው እዚህ ነው።

ደጋው ላይ ስትወጡ መንገዱ ይቃናል። አዴሌ፣ ሐሮማያ፣ አወዳይ እያላችሁ ትሄዳላችሁ። ያን ጊዜ ስልኩ ይውጣ ከተባለ ይውጣ። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ያጨናንቀዋል፤ መስኮት ዝጉ፣ ትዕግሥት ያዙ። የራሳችሁ መኪና ካላችሁ ሐሮማያ ሐይቅ ጋ ለአሥር ደቂቃ ቁሙ። ደርቆ የነበረው ውሃ ተመልሷል። ዳር ዳሩ ጭቃ ነውና ልጆቹን ያዙ።

6. ከመግባታችሁ በፊት የቀጥታ መገኛ አጋሩ።

ሐረር በር ጋ ስትደርሱ፣ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ቴሌግራም ቡድኑ ላይ የቀጥታ መገኛውን ለ8 ሰዓት ያጋራ። ለ15 ደቂቃና ለ1 ሰዓት የሚሉ ምርጫዎችም አሉ፤ እነሱ አይበቁም። ቢጠፋፉ የት እንዳሉ ይታያል።

በዚህ ብቻ ግን አትተማመኑ። በጠባቡ መንገድ መሃል ግንቡ የሳተላይቱን ምልክት ይከልለዋል፤ ያንጸባርቀዋልም። ሰማያዊዋ ነጥብ የሰው ጓሮ ውስጥ ገብታ ታገኟታላችሁ። ስለዚህ ለልጆቹ አንድ ሕግ ንገሯቸው፦ «የጠፋ ሰው ፈረስ መጋላ በየት ነው ብሎ ይጠይቅ፣ እዚያ ቆሞ ይጠብቅ።» በግንቡ ውስጥ ያሉት ጠባብ መንገዶች 368 ናቸው ይባላል። ቦታው ግን 48 ሄክታር ነው። ግንቡም ዙሪያውን ከቦታል። ብትጠፉም ሩቅ አትጠፉም።

7. መንገዱን በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ከሐረር በር ቀጥ ብላችሁ ፈረስ መጋላ። ከዚያ መኪና ግርግር የሚባለውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ ይዛችሁ ቁልቁል ግድር መጋላ። ይህ ቅደም ተከተል የተመረጠው በትልቁ መንገድ ጀምራችሁ ከተማው በእግራችሁ እንዲገባላችሁ ነው። ጠባቡን መንገድ ከዚያ በኋላ ትደፍሩታላችሁ።

መኪና ግርግር ላይ ፍጥነት ቀንሱ። ሰፊዎቹ ደጅ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፔዳሉ በእግር ይረገጣል፤ ጨርቁ ጭን ላይ ይንከባለላል። የተተረተረ ቦርሳ ወይም ረዥም ሱሪ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቆማችሁ እያያችሁ ይሰፋላችኋል፤ ልጆቹም በዚያው ፎቶውን አስፈቅደው ያነሳሉ።

ግድር መጋላ የሥጋ ተራ አለው። ጭልፊቶቹ ጣሪያው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሥጋ የያዘ እጅ ካዩ ከኋላ መጥተው ይመነትፋሉ። ክንፋቸው ጆሮ አጠገብ «ፍሽሽ» ሲል ነው የሚታወቃችሁ። ልጆች እዚህ ጋ ሳንቡሳ በእጃቸው አይያዙ። ጥፍሩ ስለት ነው።

8. ራምቦ ቤትንና ሙዚየሙን አከታትሉ።

ራምቦ ቤት ከመኪና ግርግር ገባ ብሎ ነው። ባለቀለም መስታወቱ እዚያ አለ፤ ፎቁ ላይ ወጥታችሁ ከተማውን ቁልቁል እዩ። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ የአብደላ ሸሪፍ ሙዚየም በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ይገኛል። የድሮ ገንዘብ፣ የብራና መጻሕፍት፣ ጌጣጌጥ አለው። ልጆቹ ከደከሙ አንዱን ብቻ ምረጡ። እኔ ብሆን ለትንንሾቹ ራምቦ ቤት፣ ከአሥር ዓመት በላይ ለሆኑት ሙዚየሙ እላለሁ።

የሐረሪ ቤት ውስጡን ማየት ከፈለጋችሁ በእንግዳ ማረፊያነት የሚሠሩ አሉ። መግቢያውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ጫማ በር ላይ አውልቁ። ከፍ ዝቅ ያለው ቀይ መደብ ላይ የት እንደሚቀመጥ ባለቤቷ እስክትነግራችሁ ጠብቁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች ልጆች አይንኩ።

9. ምሳ ብሉ፣ ጥያቄውን አዘጋጁ።

ምሳ 6 ሰዓት ገደማ ይሁን። ለልጆች ፈጢራ ትኩሱን ከምጣድ ሲወጣ፣ በማርና በእንቁላል፣ አስተማማኝ ነው፤ የማይበላ ልጅ አላየሁም። ቲኒ ገዝታችሁ ከሆነ ሻጯ ትላጥላችሁ። እሾኹ በዓይን አይታይም፣ ከጣት ግን አይወጣም።

ምግቡ እስኪመጣ ልጆቹ ጨዋታውን ይሥሩ። አንዱን ፎቶ ቡድኑ ላይ ይላኩ። ከዚያ አባሪ ምልክቱን ነክተው የድምፅ መስጫውን ይክፈቱ፤ የፈተና አሠራሩን ያብሩ፤ «ይሄ የትኛው በር ነው?» ብለው አራት ምርጫ ይጻፉና ትክክለኛውን ይጠቁሙ። አክስቲቱ ስትሳሳት ስልኩ ይነግራታል። ፎቶው ቀድሞ ይላክ፣ ጥያቄው ከሥሩ ይከተል። ሲገለበጥ ሰው ምን እንደተጠየቀ አያውቅም።

ዳታ እንዳያልቅ ሁለት ነገር አድርጉ። ፎቶውን በፋይል ሳይሆን በተራ ፎቶ ላኩ፣ መጠኑ ይቀንሳል። ቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ራሱ የሚያወርደውን አጥፉ። ጥቅል ካለቀ *999# አለ።

10. ከ9 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ተነሱ።

ፀሐይ ክረምት ላይ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ዝናብ፣ የአወዳይ ግርግር፣ መኪና እስኪሞላ መጠበቅ ሲደመር ሦስት ሰዓት ቶሎ ይበላል። ዓላማው ደንገጎን በብርሃን መውረድ ነው። ክረምት ላይ ጉም ይወርዳል፤ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ደግሞ በዚያው ጥምዝ ላይ ይበራሉ። በጨለማ ተጨምሮ ልጅ ይዛችሁ አትሞክሩት።

ጅቡን ማየት ለሚፈልጉ

የማብላቱ ሥራ የሚጀምረው ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ከላይ ያለውን ሰዓት ካያችሁ ለምን ማደር እንዳለባችሁ ገብቷችኋል። ጅብ የሚመገብባቸው ከድሮ ጀምሮ የታወቁት ቦታዎች ከፈላና በር ውጪና ሰንጋ በር አካባቢ ናቸው። ባጃጅ ውሰዱና ሹፌሩ እንዲጠብቃችሁ ተስማሙ፤ ሲመለሱ በዚያ ጨለማ ባጃጅ ፍለጋ የለም።

- ዋጋውን ከመጀመሩ በፊት ተነጋገሩ። በሰው ነው ወይስ በቤተሰብ? ፎቶ ይጨምራል? ሁሉም አስቀድሞ ይነገር።
- ጅቦቹን ከሚያበላው ሰው ኋላ ወይም ጎን ሁኑ። ጅቦቹ የሚያውቁት እሱን ነው፤ በእሱና በእነሱ መሃል አትግቡ።
- ሥጋው በአጭር እንጨት ጫፍ ይሰጣችኋል። ልጁ መያዝ ከፈለገ የሚያበላው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ የናንተም እጅ ትከሻው ላይ ሆኖ ይያዝ። ትንንሾቹ ታቅፈው ይዩ።
- አይሮጥ፣ አይጮህ። የፈራ ልጅ ካለ አስገድዳችሁ አታቅርቡ፤ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ማየት ይችላል።
- ፍላሽ አጥፉ። የባጃጁ መብራት ለቪዲዮ ይበቃል።
- እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ምንም አትብሉ።

ማስጠንቀቂያ

ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። በተለይ ሴቶችን፣ ጫት ሻጮችንና ከመስጊድ የሚወጡ ሰዎችን። ልጁ ራሱ «ፎቶ ማንሳት ይቻላል?» ብሎ ይጠይቅ። እምቢ ከተባለ አመስግኖ ይለፍ። ፍተሻ ጣቢያና ወታደር ጭራሽ አይነሳም።

ስልክ እያዩ አይራመዱ። ፈረስ መጋላ ላይ ባጃጅና ፔጆ ከየአቅጣጫው ነው የሚመጡት። ቁሙ፣ እዩ፣ ከዚያ ተራመዱ።

ድሬ ስትመለሱ ደቻቱን አትናቁ። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል፤ ውሃው የሚመጣው ከደጋው ነው። ሐረር መንገድ ላይ ከባድ ዝናብ ካያችሁ ያ ዝናብ ወደ ድሬም ይወርዳል ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ስንት ሰው እንደወሰደ የድሬ ሰው አይረሳም። በደረቁ አሸዋ አቋርጣለሁ አትበሉ፣ በድልድይ ተሻገሩ።

የተለመዱ ስህተቶች

- ባቢሌንም በዚያው ቀን መጨመር። ከሐረር ወዲያ ሌላ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሁለት ቀን ጉዞ ይሁን። ለውዙን ሐረር ገበያም ታገኙታላችሁ።
- ካርታ ለማውረድ ሐረር እስኪደረስ መጠበቅ። ያኔ ዳታው ካርታ ላይ ያልቃል፣ ለጨዋታው አይተርፍም።
- ካርታውን አምና አውርጃለሁ ብሎ መሄድ። የጎግሉ ካልታደሰ ጊዜው ያልፍበታል። ማታ ከፍታችሁ፣ ዳታ አጥፍታችሁ ሞክሩት።
- የቀጥታ መገኛ አብርቶ ፓወር ባንክ መርሳት። ቀኑን ሙሉ ሲያጋሩ ባትሪ ይበላል፤ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ ሁሉም ስልክ አንድ ላይ ይጠፋል።
- ሹራቡን ሻንጣ ሥር መቅበር። ሻንጣው ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ብርዱ ደግሞ ሳትወርዱ ነው የሚመጣው። ጭን ላይ ያዙት።
- መጀመሪያ የቀረበውን አስጎብኚ ዋጋ ሳይነጋገሩ መከተል። አስጎብኚ መያዝ ክፋት የለውም፣ ልጆች ካሉ እንደውም ደግ ነው። ግን ስንት ሰዓት፣ የት የት፣ በስንት የሚለው ፈረስ መጋላ ላይ ቆማችሁ ይለቅ።
- በዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ ካልተገኘ ብሎ ልጆቹን ማስጨነቅ። አምስት ካገኙ ይበቃል፤ የቀሩት በሮች ለሚቀጥለው ይቆዩ።